ያረጀው ስፒከሩ ነውን?

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት በኢሉባቦር ዞን፣ ዳሪሙ ወረዳ በሚገኘው የአጎቴ ቤት ለጥቂት ቀናት በእንግድነት ሰንብቼ ነበር። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ አዲስ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ከበሩ ኋላ ደግሞ ስድስት ስፒከሮችና አንድ ዲቪዲ ማጫወቻ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ዕቃው ከቡና ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ የተገዛ፣ በዘመኑ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ፊልም ያየበት «ሆም ቴአትር» ነው። አጎቴ ለቁራሌ ሊሸጡት ተስማምተዋል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ ቴሌቪዥኑን የሸጠላቸው ነጋዴ «ይህ ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር አይሠራም፤ አዲስ ይግዙ» እንዳላቸው ነገሩኝ።

ይህ ምክር በየከተማው ይሰማል። በእኔ እምነት ግን ከሳይንስ አንጻር ስሕተት፣ ከኢኮኖሚ አንጻርም ጎጂ ነው።

በመጀመሪያ የስፒከርን ተፈጥሮ እንመልከት። በማግኔት መስክ ውስጥ የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲደርሰው ይንቀጠቀጣል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሾጣጣ ወረቀትም አየሩን እየገፋ ድምፅ ይፈጥራል። ራይስና ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ይህን አሠራር ለገበያ በሚበቃ መልክ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላም መሠረተ ሐሳቡ ያው ነው። ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን ከመቅጠኑ የተነሣ ትናንሽ ስፒከሮች ብቻ ይይዛል፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። ስለዚህ አጎቴ ሊጥሉት ያሰቡት ዕቃ በድምፅ ረገድ ከአዲሱ ቴሌቪዥን የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም።

ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? የተለወጠው ሁለቱ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። አሮጌው አምፕሊፋየር በቀይና በነጭ መሰኪያ በኩል የሚመጣ አናሎግ ሲግናል ይጠብቃል፤ ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ ለግራ ድምፅ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ግን ድምፅን የሚያወጡት በዲጂታል መልክ፣ በብርሃን ገመድ ወይም በኤችዲኤምአይ በኩል ነው። በቴሌቪዥኑ ጀርባ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ቢገኝም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሲግናል መቀበያ እንጂ መስጫ አይደለም። ኤችዲኤምአይም ቢሆን ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ መመለስ የቻለው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ደንብ ሲሆን፣ ለዚህም ሁለቱም መሣሪያዎች አገልግሎቱ ሊኖራቸው ይገባል። የቆዩት ሆም ቴአትሮች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ በአመዛኙ ምስል ወደ ቴሌቪዥን መላኪያ ብቻ ነው። ገመዱ ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ሁለት ሰዎች ቋንቋቸው ሲለያይ አስተርጓሚ ይፈለጋል እንጂ አንደኛው አይባረርም። እዚህም አስተርጓሚው ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጥ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል መለወጫ ነው። እኔም ከመቱ አንድ ገዝቼ፣ በብርሃን ገመዱ አገናኝቼ ከፈትሁት። ከስፒከሮቹ የወጣው ግን ሹክሹክታ የመሰለ ጫጫታ ብቻ ነበር። አጎቴ በትሕትና ዝም አሉ፤ እኔ ግን የሳይንስ ምሩቅ ነኝና አፈርሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። የብርሃን ገመዱ ያልታመቀ ድምፅ ሲያስተላልፍ የሚችለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ባለ ስድስት መስመሩ ድምፅ የሚላከው ዶልቢ ዲጂታል በመሰለ ዘዴ ታምቆ ሲሆን፣ ርካሹ መለወጫ ደግሞ የታመቀውን መፍታት አይችልም። ያልገባውን ቁጥር እንዳለ ወደ ድምፅ ሲለውጠው ጫጫታ ይሆናል፤ አንዳንዱም ፈጽሞ ዝም ይላል። መፍትሔው አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ የዲጂታል መውጫውን «ፒሲኤም» ወደሚለው መለወጥ ብቻ ነው። ይህን እንዳደረግሁ ቤቱ በድምፅ ተሞላ። «ፕሮ ሎጂክ» የሚለውን ቁልፍ ስንጫን ደግሞ የመካከለኛውና የኋላዎቹ ስፒከሮች ሥራ ጀመሩ። ይህ ዘዴ በጥቅሉ፣ በቀኝና በግራ እኩል የሚሰማውን ወደ መካከል፣ የሚለያየውን ወደ ኋላ ያከፋፍላል።

ከዚህ የቀለለ መንገድም አለ። በአገራችን አብዛኛው ተመልካች ጣቢያዎችን የሚያገኘው በዲሽና በሪሲቨር ነው። በብዙ ሪሲቨሮች ጀርባ ደግሞ ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ፣ ወይም እርሱን የሚተካ አንድ ቀጭን ቀዳዳ አለ። ምስሉን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን በቀይና በነጩ ገመድ በቀጥታ ወደ አሮጌው አምፕሊፋየር መላክ ይቻላል፤ መለወጫም አያስፈልግም። መሣሪያዎቹ ሁሉ ከሶኬት ተነቅለው መገናኘት እንዳለባቸው ግን አይዘነጋ። አምፕሊፋየሩንም መክፈት ከተነቀለ በኋላም ቢሆን አደገኛ ነው፤ በውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላልና።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አዲስ መግዛት አይሻልምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አምፕሊፋየሩ የተቃጠለ፣ የስፒከሩ ጠርዝ የተበጣጠሰ ከሆነ ክርክር የለኝም። ጤነኛ ዕቃ መጣል ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ዓይነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለማችን 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ የምታስገባ አገር፣ የሚሠራውን ደግሞ በቆሻሻ መልክ ስትጥል ሁለት ጊዜ ትከፍላለች።

ስለዚህ ሦስት አካላትን አሳስባለሁ። አስመጪዎች የየቀዳዳውን አገልግሎት ተጠቃሚው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ያቅርቡ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጥገናን ሲያስተምሩ ማገናኘትንም አብረው ያስተምሩ። የሳይንስ ፋኩልቲዎች ደግሞ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ስለ ሲግናል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፈን ብቻ ከምንሰናበት፣ ተማሪው አንድ አሮጌ ሆም ቴአትር ከአንድ አዲስ ቴሌቪዥን ጋር እንዲያገናኝ እናድርግ። እኔ ቀመሩን በሚገባ ፈትቼ ነበር የተመረቅሁት፤ በአጎቴ ሳሎን ያፈርሁት ገመዱን ይዤ ስቆም ነው።

ቁራሌው በማግሥቱ በቀጠሮው መጣ። አጎቴም ቡና አጠጥተው፣ ባዶውን የማዳበሪያ ከረጢት ሰጥተው ሸኙት።