ወሬው ያለው ደጃችን ላይ ነው

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የፊቸር ጽሑፍ ሥሩ ስንባል ባለሥልጣን ወይም አርቲስት ፍለጋ እንሮጣለን። «ሰፈራችሁን ጻፉ» ከተባልን ግን «ሰፈር ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለው?» ነው መልሳችን። እስቲ ጃፓን ሄዶ የኖረ የአንድ ጋዜጠኛን ታሪክ ላንሳ።

ላፍካዲዮ ኸርን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1850 ከአየርላንዳዊ አባትና ከግሪካዊት እናት ተወለደ። አሜሪካ ውስጥ በሲንሲናቲና በኒው ኦርሊንስ ጋዜጦች ለዓመታት ሠርቶ በ1890 ጃፓን ገባ። በዚያው ዓመት ማትሱዬ በምትባል ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ። አንድ ዓይኑ አያይም፣ ሌላውም ደካማ ነበር። ጆሮው ግን ምንም አያመልጠውም።

በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ የማትሱዬን ጠዋት የሚያስጀምረው በድምፅ ነው። መጀመሪያ ሩዝ የሚወቀጥበት ከባድ ዘነዘና ይሰማል። ቀጥሎ የቤተ መቅደስ ደወል፣ ከዚያ የአትክልት አዟሪዎች ጩኸት፣ የከሰል ማቀጣጠያ ጭራሮ የሚሸጡ ሴቶች ጥሪ፣ ወደ ፀሐይ ዞረው የሚጸልዩ ሰዎች ጭብጨባ፣ ድልድዩ ላይ የእንጨት ጫማ ኳኳታ። ለከተማው ሰው ይሄ ሁሉ ተራ ነገር ነው። ዘነዘና ዜና ነው የሚል ማን አለ? ዛሬ ግን የዚያን ዘመን ጠዋት ማወቅ የፈለገ ሰው ያንን ገጽ ይገልጣል።

«ታዲያ ለማየት የግድ ባዕድ መሆን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። ምክንያቴ ሚስቱ ናት። ኮይዙሚ ሴትሱ የማትሱዬ ተወላጅ፣ የሳሙራይ ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ኸርን የጃፓንኛ መጽሐፍ እንደ ልቡ ማንበብ ስለማይችል የድሮ ተረቶችን እየፈለገች የምታወራለት እሷ ነበረች። «መጽሐፉን ተዪው፣ በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ» ይላት እንደነበር በትዝታዋ ጽፋለች። በ1904 የታተመው ዝነኛው የተረት መጽሐፉ «ክዋይዳን» ያለ እሷ የሚታሰብ አይደለም።

እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው በ1896 የጃፓን ዜግነት ሲወስድ የእሷን የቤተሰብ ስም ይዞ ኮይዙሚ ያኩሞ ተባለ። መጽሐፉ ላይ ያለው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። በመግቢያው የቆዩ መጻሕፍትን፣ አንድ ተረት የነገረውን ገበሬም ሳይቀር ሲጠቅስ ሴትሱን አላነሳትም።

እኛስ? «አንድ የአካባቢው ነዋሪ እንደነገሩን» ብለን ስንት ጊዜ አልፈናል? እንደኔ እንደኔ ከኸርን ጆሮውን እንውሰድ፣ ይሄን ጉድለቱን ግን አንውረስ። ጉሊት የሚውሉትን እናት፣ የወፍጮ ቤቱን ሠራተኛ፣ የሰፈሩን አሮጌ ስም የሚያውቁትን አዛውንት ቁጭ ብለን እንስማ። ስሜ አይጠቀስ ካላሉ በቀር ደግሞ ስማቸውን ከነአባታቸው እንጻፍ። ታሪኩ የእነሱ ነው፤ እኛ ጸሐፊዎች ብቻ ነን።