ሴቭ ማድረግ ማጭበርበር ነው ወይስ አይደለም?

ዛሬ የምጽፈው በእረፍት ሰዓት ስለሚያጨቃጭቀን ነገር ነው። እሱም የጭንቅላት ጌም ስንጫወት ሴቭ ማድረግ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ነው። አንዳንዱ «ሴቭ ያደረገ ሰው ጨረስኩ ማለት አይችልም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጌሙ ራሱ የፈቀደውን ማን ይከለክለኛል?» ይላል። እኔ ግን ሴቭ ሁለት ዓይነት ነው ባይ ነኝ። አንዱ ለማቆም ነው፣ ሌላው ለማስተካከል ነው። ሁለቱን ስለምናደባልቃቸው ነው የምንጣላው።

መጀመሪያ ሴቭ አያስፈልግም የሚሉትን ልስማቸው። ጡብ ከላይ የሚወርድበትን ቴትሪስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ። በድሮው የኒንቴንዶ ቴትሪስ ሴቭ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ዊሊስ ጊብሰን የሚባል አሜሪካዊ ልጅ 38 ደቂቃ ያህል ሳይሸነፍ ተጫውቶ ጌሙ ራሱ ስታክ አድርጎ ቆመ። ከእሱ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ዕድሜው 13 ነበር፣ የእኛ እኩያ ማለት ነው። «አያችሁ፣ ጎበዝ ያለ ሴቭ ይጨርሳል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ልጁ ጎበዝ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእኛ መካከል 38 ደቂቃ ሙሉ ሳይጠራ ስልክ ይዞ የሚቀመጥ ማን ነው? ስልኩ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው። መሀል ላይ ይደወላል፣ ባትሪ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። በተለይ ሴቶች እህቶቻችን ገና አንድ ሌቭል ሳይጨርሱ «ውኃ ቅጂ፣ ቡና አፍይ» ይባላሉ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ሩዝ አረም አለ። ሴቭ ከሌለ የሚያሸንፈው ብዙ ያሰበው ሳይሆን ብዙ ሰዓት ያገኘው ነው። ይሄ ፍትሐዊ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ።

ገበጣን ተመልከቱ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ሲጫወቱ ላሟ ሩዝ ውስጥ ከገባች ጠጠሩን ትተው ይሮጣሉ። ተመልሰው ጠጠሩ እንደነበረ ካገኙት ይቀጥላሉ። ማንም «አጭበረበርክ» አይልም። ነገር ግን አንዱ ላሟን ሲመልስ ሌላው ከጉድጓዱ ጠጠር ቢያነሳ፣ ያ ሌብነት ነው። ማቆምና መለወጥ አንድ አይደሉም ያልኩት ለዚህ ነው።

በቼዝም እንዲሁ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ቦቢ ፊሸርና ቦሪስ ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጫወቱ ጨዋታው በዕለቱ ካላለቀ ተጫዋቹ ቀጣዩን እርምጃ ወረቀት ላይ ጽፎ በፖስታ ያሽጋል። ፖስታው ከዳኛው ዘንድ ያድራል። በነጋታው ተከፍቶ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስለታሸገ ሐሳቡን መለወጥ አይችልም። በኋላ ግን ኮምፒውተር በቼዝ እየጎበዘ ሲመጣ ይህ አሠራር ቀረ፣ ምክንያቱም ሌሊቱን ኮምፒውተር መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ችግሩ ማቆሙ ሳይሆን ባቆምንበት ሰዓት የምንሠራው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሶኮባን የሚባል ጌም አለ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣ። ሰውየው መጋዘን ውስጥ ሳጥን እየገፋ ቦታ ቦታው ያደርሳል። መግፋት እንጂ መጎተት አይችልም፣ ስለዚህ ሳጥኑ ጥግ ከገባ በቃ፣ አይወጣም። የጌሙ ትርጉም ከመግፋት በፊት ማሰብ ነው። በስልክ ስንጫወተው ግን ወደ ኋላ መመለሻ አለው። አንዱ ልጅ በየእርምጃው ሴቭ እያደረገ፣ ሲሳሳት እየመለሰ፣ ሲሳሳት እየመለሰ ይጨርስና ሳይሳሳት ከጨረሰው ልጅ ጋር እኩል ነኝ ይላል። ይሄ ልክ አይደለም። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱን ያጣ ሰው ሀገር ይሰጣል አይደል? ሀገር ሳይሰጥ መልሱን ሰምቶ «እኔ ነኝ ያወቅሁት» ቢል ማን ይቀበለዋል?

ይህ ማለት ግን መመለሻው ይጥፋ ማለት አይደለም። ለልምምድ በጣም ጥሩ ነው፣ የትኛው እርምጃ እንዳበላሸብን ያሳየናል። መምህራችን የሒሳብ መልመጃ በላጲስ አጥፍተን እንድንሠራው ይፈቅዳሉ። በፈተና ቀን ግን የጓደኛችንን መልስ አይተን እንድናስተካክል አይፈቅዱም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለማቆም ሴቭ ማድረግ ለሁሉም ይፈቀድ፣ ማንም ሰው በዚህ አይሰደብ። ሁለተኛ፣ በመመለሻ የጨረሰ ሰው «በመመለሻ ነው የጨረስኩት» ብሎ ይናገር፣ ነውር የለውም። ሦስተኛ፣ ክበባችን ውድድር ካዘጋጀ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ይሰጥ፣ መመለሻም ይከልከል። ያኔ ስልክ ያለውም የሌለውም፣ ቤት ውስጥ ሥራ የሚበዛባትም በጭንቅላታቸው ብቻ ይለካሉ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ፣ በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን።