ለአደጋ ሰምና ወርቅ አይሆንም

ማታ ማታ ሃቫና ስትሪት ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ቁጭ ያለ ሰው የዴንቨርንና የአውሮራን የሥራ ዓለም ባጭሩ ይሰማል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ከኤርፖርት የመጡ፣ ሌላው ላይ ነርሲንግ ሆም የሚሠሩ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለዌርሃውስ የሌሊት ሺፍት የሚቸኩሉ አሉ። የፎርክሊፍቱ ፍሬን አልይዝ ብሏል፤ በሽተኛ የሚነሳበት ማሽን ቀበቶው ሊበጠስ ደርሷል፤ የሁለት ሰው ሥራ አንድ ሰው እየሠራው ነው። «ታዲያ ለአለቃህ ነገርከው?» ሲባል የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «እንዲያው ጠቆም አድርጌዋለሁ።»

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህቺ «ጠቆም» ናት።

ጠቆም ማድረግ ሕይወት እንደሚያስከፍል ከተመዘገበባቸው ታሪኮች አንዱ የተነሳው እዚሁ ሰፈራችን አጠገብ ነው። ዛሬ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር እስከ 1995 ድረስ ስቴፕልተን ኤርፖርት ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን 1978 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173፣ 189 ሰዎች ይዞ ከስቴፕልተን ወደ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን በረረ። ለማረፍ ሲቃረብ የማረፊያው ጎማ ሲወርድ ያልተለመደ ድምፅና መንቀጥቀጥ ተሰማ። ካፒቴኑ ጎማው በትክክል መውረዱን ለማጣራትና ተሳፋሪውን ለማዘጋጀት ብሎ አንድ ሰዓት ያህል አየር ላይ ዞረ። በዚህ መሀል ነዳጁ እያለቀ ነበር። ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱ የነዳጁን ነገር ደጋግመው አንስተዋል። ግን ያነሱት በጥያቄና በጨዋ አስተያየት መልክ ነበር እንጂ «ነዳጅ ሊያልቅብን ነው፤ አሁኑኑ እንረፍ» ብለው አይደለም። ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ኤርፖርቱ ሳይደርስ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ያው የበረራ መሐንዲሱ ነው።

መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት ካፒቴኑ ላይ አደረጉ፤ ነዳጁን አልተከታተለም፣ ባልደረቦቹ ሲያሳስቡትም ተገቢ ምላሽ አልሰጠም። ነገር ግን በዚያ አላበቁም። ሁለቱ ባልደረቦች የነገሩን ክብደት በሚገባ አለመረዳታቸው ወይም ስጋታቸውን በሚገባ አለማስረዳታቸው አስተዋጽኦ አለው ብለው ጻፉ። ዩናይትድ በ1981 አለቃ መስማትን፣ የበታች ደግሞ መናገርን የሚለማመድበት ሥልጠና ጀመረ። ዛሬ በዓለም አየር መንገዶች የተለመደ ነው። ጁላይ 19 ቀን 1989 ሌላ የዩናይትድ አውሮፕላን፣ በረራ 232፣ ከዚያው ከስቴፕልተን ተነሳ። የጭራው ሞተር ፈነዳና አውሮፕላኑ የሚመራበት የሃይድሮሊክ ሥርዓት በሙሉ ሥራ አቆመ። ካፒቴን አል ሄይንስ «እኔ አውቃለሁ» አላለም። በተሳፋሪነት ተቀምጦ የነበረውን የአየር መንገዱን አሠልጣኝ ዴኒስ ፊችን ኮክፒት አስገብቶ የሞተሮቹን ኃይል መቆጣጠሪያ አስያዘው። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ ስለዚያ ቀን ሲናገር ያንን ሥልጠና ሳያነሳ አያልፍም ነበር።

እኛ እንግዲህ በጠቆም ያደግን ሰዎች ነን። ሰምና ወርቅ የምንኮራበት ጥበብ ነው፤ ትልቅን ፊት ለፊት አለመቃወም አስተዳደጋችን ነው፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው የመጣነው። ይህንን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ይሉኝታ ስንት ጠብ አብርዷል፣ ስንት ቤት አቁሟል። ችግሩ ጠቆም የሚሠራው ሰሚው ወርቁን መፈለግ ሲያውቅ ብቻ መሆኑ ነው። የኮሎራዶ ሱፐርቫይዘር ሰሙን ሰምቶ ይሄዳል። «ማሽኑ ትንሽ የደከመ ይመስላል» ብትሉት «ኦኬ» ብሎ ቡናውን ይዞ ያልፋል፤ የማሽን መድከም እንጂ አደጋ አልሰማም። ይልቅስ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «የሦስተኛ ፎቁ ማንሻ ቀበቶው እስከ ግማሽ ተቀዷል። በሽተኛ ሊወድቅ ይችላል። ሌላ እስኪመጣ አልጠቀምበትም፤ አንድ ሰው ጨምርልኝ።» ይህ ድፍረት አይደለም። እንግሊዝኛው ተሰባብሮ ቢወጣም ግድ የለም። ከዚያ ያንኑ በቴክስት ወይም በኢሜይል መድገም ነው፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲቀመጥ።

በእርግጥ ዝምታው ሁሉ ይሉኝታ አይደለም። ሺፍት ይቀነሳል፣ «ነገረኛ» የሚል ስም ይወጣል፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፣ ተማሪው ደግሞ ቪዛው ያሳስበዋል። ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። ቢሆንም ሕጉ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ይሄዳል። በወረርሽኙ ጊዜ፣ በ2020፣ የወጣ የኮሎራዶ ሕግ በ2022 ተስፋፍቶ፣ ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም፣ ስለ ጤናና ደኅንነት በቅን ልቦና ስጋቱን ያነሳ ሠራተኛን መበቀል ይከለክላል። ስጋቱ በኋላ ልክ ሆኖ ባይገኝ እንኳ ምክንያታዊ ከነበረ በቂ ነው። በፌዴራል በኩል ኦሻ አለ፤ ስማችሁ ለአሠሪው እንዳይነገር ጠይቃችሁ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ተናግራችሁ ከተበቀሏችሁ ግን ለኦሻ ማመልከቻው ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፤ «እስቲ ትንሽ ልየው» ሲባል ያልፋል። ሥራ ላይ ከተጎዳችሁም በኮሎራዶ ለአሠሪው በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። «ወገቤን ትንሽ ይዞኛል» ብሎ ማለፍ እዚህም አይሠራም።

ሕግ ብቻውን ግን ሩቅ አይወስድም። ከአውሮራ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ ግሪሊ ላይ ያለው የጄቢኤስ ሥጋ ፋብሪካ ከብዙ አገር የመጡ፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የሚሠሩበት ነው። በ2020 በኮቪድ 6 ሠራተኞቹ ሞቱ። ኦሻ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የጣለው ቅጣት 15,615 ዶላር ነው። ይህ ለግዙፍ ኩባንያ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስላው። በነገራችን ላይ ኦሻ ከ2010 ጀምሮ በግልጽ ያስቀመጠው አቋም የደኅንነት ሥልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይሰጥ የሚል ነው። «ፈርም» የተባላችሁበት ወረቀት ካልገባችሁ በአማርኛ ይብራራልኝ ማለት ልመና አይደለም።

በግልጽ ተናግሮ አለመሰማትም አለ። ኤድ ፒርሰን በቦይንግ ሬንተን ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። በጁን 2018 ሠራተኛው ደክሟል፣ የጥራቱ ነገር አሳስቦኛል፣ የማምረቻ መስመሩ ይቁም ብሎ ለበላዩ ጻፈ። መስመሩ አልቆመም። ማርች 10 ቀን 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። የዚያ አደጋ ዋና ጉዳይ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ነበር፤ ፒርሰን የጻፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ሆኖም ኤምካስም ቢሆን ኦክቶበር 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን እስኪወድቅ ድረስ አሠራሩ ለአብራሪዎች በመመሪያ አልተገለጸም ነበር። ከታች የተነገረው ወደ ላይ አልደረሰም፤ ከላይ የታወቀውም ወደ ታች አልወረደም።

ስለዚህ ከተናጋሪው ይልቅ የምወቅሰው ሰሚውን ነው። ሰሚው ደግሞ ዛሬ ብዙ ጊዜ እኛው ነን። በዚህ ከተማ ቻርጅ ነርስ፣ ሺፍት ሊድ፣ መሐንዲስ፣ የሆም ኬር ድርጅት ባለቤት የሆነ ሐበሻ ትንሽ አይደለም። የእኛ ሰው የእኛን ሰው ሲያሠራ ነገሩ ይቀላል ብሎ መገመት የዋህነት ነው፤ እንዲያውም ይከብዳል። ለፈረንጅ አለቃ ያልተነገረ ነገር «ጋሼ» ለሚባል አለቃ ጭራሽ አይነገርም። ሥራውን ያስገባት እሱ ነው፤ ክርስትና ላይም ለቅሶ ላይም ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ አለቃ «ችግር ካለ ንገሩኝ» ብሎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ማንም አይነግረውም። «ችግር አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅም መልሱ የታወቀ ነው፦ «ኧረ ምንም ችግር የለም!» ጥያቄውን መለወጥ ይሻላል። «ዛሬ ማታ እዚህ ሰው ቢጎዳ በምን የሚጎዳ ይመስልሻል?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ መልስ አታጣም። ቀበቶው በማግስቱ ከተቀየረ ሌሎቹም ማውራት ይጀምራሉ። «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» ከተባለች ግን ቀጥሎ አፉን የሚከፍት አይኖርም።

ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች፣ ለሃቫና ስትሪት ኩሽናዎችም ጭምር፣ አንድ ብዙ የማይታወቅ ነገር አለ። ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥራ ቦታችሁን መጥቶ አይቶ የሚመክር ነፃ አገልግሎት ይሰጣል። ከኦሻ የቁጥጥር ክፍል የተለየ ነው፤ ምስጢር ይጠብቃል፤ ቅጣትም አይጥልም። በምላሹ የሚጠይቀው የተገኘውን ከባድ አደጋ በተቀመጠው ጊዜ ውስጥ ማስተካከልን ነው። ሲመጡ ሠራተኞቹም አብረው እንዲናገሩ ይደረግ፤ የትኛው ወለል እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው መጥበሻ ዘይት እንደሚረጭ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።