ፓርቲው የማን ነው?

ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ደርሳ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ከፕሮሙ በኋላ ላለችው ፓርቲ ምን ይሻላል? ከለር ዴይ ወይስ ክሬዚ ዴይ?»

ከዓመታት በፊት ከክፍሌ አንዲት ልጅ በከለር ዴይ ቀረች። «አሞኝ ነው ቲቸር» አለችኝ። ለካ የቲሸርቱን ብር እናቷን መጠየቅ ከብዷት ኖሯል። እኔም አስተማሪ ተብዬ አልነቃሁም።

እና መልሴ «ኦልድ ዴይ አድርጉት» ነው። የእማማ ነጠላ፣ የአባባ ኮትና ባርኔጣ ከቤት አይጠፋም፤ ቢጠፋም ጎረቤት ያውሳል። ሳቁም ይብሳል። የከለር ዴይ ቲሸርት ግን ከማን ትዋሳላችሁ?

ልጆች፣ ቴም ስትመርጡ መጀመሪያ «በዚህ ምክንያት ማን ሊቀር ይችላል?» በሉ። ጥቂቱን አስቀርቶ የሚደምቅ ፓርቲ የክፍሉ ሳይሆን የከፊሉ ነው።

እናንተስ በብር ምክንያት የቀራችሁበት ቀን ነበር?