በትንሹ ጠመንጃ ስለ መለማመድ

የአደን ወራት ሲቃረብ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመው ጠመንጃ ይወርዳል፤ ይወለወላል፤ ዘይት ይቀባል። ባለቤቱም የዝናሩን ጥይት ቈጥሮ ተሰናድቻለሁ ይላል። እኛ ግን ጠመንጃው ተሰናድቷል፣ ተኳሹስ ብለን እንጠይቃለን። ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲፈርም የከረመ ጣት በአንድ ማለዳ የአዳኝ ጣት ሊሆን አይችልምና።

ትልቁ ጠመንጃ ሲተኰስ ሰደፉ ትከሻን ይመታል፤ ድምፁም ጆሮን ያደነቍራል። ሰውነት ይህን አንድ ጊዜ ካወቀ በኋላ ባለቤቱን ሳያማክር ራሱን መከላከል ይጀምራል። ቃታው ሊሳብ ሲል ዓይን ይጨፈናል፤ ትከሻ ይሸማቀቃል፤ አፈ ሙዙም ወደ ታች ይላል። ይህ የፍርሃት ነገር አይደለም፤ ስመ ጥር ጀግናም አያመልጠውም። ጕዳቱን የሚቀበለው ግን እንስሳው ነው። ለልብ የታሰበው ጥይት ሆዱን ይመታዋል፤ ከጥሻ ገብቶም ሲማቅቅ ውሎ ሲማቅቅ አድሮ ይሞታል። አዳኙ ግን ሳትሁት ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለዚህ ክፉ ልማድ መድኃኒቱ፣ ብዙ ሰዎች የልጅ መጫወቻ እያሉ የሚንቁት፣ ፈረንጆች ‹ኻያ ሁለት› የሚሉት ትንሹ ጠመንጃ ነው። የአፈ ሙዙ ስፋት 5.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1887 ጀምሮ የታወቀው ጥይቱ አረሩ ብዙውን ጊዜ 2.6 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ለአጋዘን አደን የሚሆነው ግን ከ9 እስከ 12 ግራም ይደርሳል። ትንሹ ጠመንጃ ትከሻን አይመታም፤ ጥይቱም ርካሽ ነው። ስለዚህ ሰውነት የሚሸሸው ነገር ሲያጣ፣ ዓይንና ጣት ሥራቸውን በጸጥታ ይማራሉ።

ነገሩ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ለጦርነት የሚሰናዳ ፈረሰኛ በጕግስ ሜዳ የሚወረውረው ስለታም ጦር ሳይሆን ዘንግ ነበር፤ ጋሻውና ፈረሱ ግን እውነተኞች ነበሩ። በእንግሊዝ አገርም ከ1899 እስከ 1902 ከተደረገው የቦር ጦርነት የተነሣ የተኳሾች ድካም ስለ ታየ፣ ፊልድ ማርሻል ሎርድ ሮበርትስ ሕዝቡ በትንሹ ጠመንጃ እንዲለማመድ ይመክሩ ነበር። ኋላም የእንግሊዝ ሠራዊት የሊ ኤንፊልድን ቅርጽና ክብደት የያዘ፣ ጥይቱ ግን ትንሽ የሆነ የመለማመጃ ጠመንጃ አሠራ። ከዚህ የምንወስደው፣ ትንሹ ጠመንጃ በክብደቱም ሆነ በማነጣጠሪያው ትልቁን በመሰለ መጠን ትምህርቱ እንደሚረባ ነው።

ልምምዱ ከ25 እስከ 50 ሜትር ይሁን። በጠረጴዛ ላይ ጠመንጃ አስደግፎ መተኰስ ጠመንጃውን ይፈትናል እንጂ ሰውየውን አይፈትንም፤ በዱር ጠረጴዛ የለምና። ይልቁንም ተንበርክኮ፣ ተቀምጦ፣ በዘንግ ተደግፎ፣ ቆሞም ይተኰስ። ትንፋሽ በከፊል ወጥቶ ይቈይ፤ ቃታውም ሳይነጠቅ ጥቂት በጥቂቱ ይሳብ። በቀን ኻያ ጥይት በማስተዋል የተኰሰ፣ መቶውን እያንጣጣ ከጨረሰው ይበልጣል። ርቀቱ ወደ 100 ሜትር ሲደርስ፣ ለ50 የተስተካከለው ጥይት አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ነፋስም ይገፋዋል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን ርቀትንና ነፋስን መገመት የሚያስተምር መምህር እንለዋለን።

ትንሽ ነው ብሎ መድፈር ግን አይገባም። ይህ አረር አንድ ማይል ተኩል ያህል ሊሄድ ይችላል፤ ሰውም ይገድላል፤ ከድንጋይና ከውሃ ላይም ይነጥራል። ስለዚህ ከዒላማው ኋላ ወፍራም የአፈር ግድብ ይኑር፤ ልጆችም ያለ ታላቅ ሰው አይንኩት። በአገራችንም የጦር መሣሪያ መያዝ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አደንም የራሱ ፈቃድ አለው።

ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ከሺህ የሚበልጥ ዝሆን የገደለ፣ በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍም ያደነ ሰው ነበር። አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ስለሆነ፣ ጥይቱ ምንም ቢያንስ ግድ የለም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሰውየው የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ አሰንጥቆ የአንጎሉን ስፍራ ያጠና ነበር፤ ይህን የሚያስታውስለት ጥቂት ነው። በኻያ ሁለቱ ትልቅ እንስሳ ማደን ከቶ አይገባም። የእንግሊዝ የ1991 የአጋዘን ሕግም ለትልልቁ አጋዘን ከ0.240 ኢንች፣ ማለት ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት ከሚበልጠው፣ ያነሰ ጠመንጃ ይከለክላል።

አደኑ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ትልቁ ጠመንጃ መመለስ ነው፤ ጆሮም ይሸፈን። የቀድሞው ልማድ እንደ ለቀቀ ለማወቅ፣ አንድ ወዳጅ ተኳሹ ሳያይ አንድ ጊዜ እውነተኛ ጥይት፣ አንድ ጊዜ ባሩድ የሌለውን የመለማመጃ ጥይት ያጕርስለት። በባዶው ላይ አፈ ሙዙ ዝቅ ካለ፣ ተኳሹ ገና ነውና ወደ ትንሹ ይመለስ። ጸጥ ብሎ ከቈየ ግን በ100 ሜትር ዐሥር ያህል መተኰስ ይበቃዋል፤ ጥይቱም ለአደኑ ካሰበው ዓይነት ይሁን፤ ዓይነቱ ሲለወጥ አረሩ የሚያርፍበትም ስፍራ ይለወጣልና።