የቤተ መጻሕፍት ጥሪ

መጽሐፍ የቱን ያህል ዕውቀት ቢይዝ በገዛ አፉ አንባቢን አይጠራም። ቤተ መጻሕፍትም በሩን ከፍቶ ስለ ተቀመጠ ብቻ ሥራውን ፈጸመ ሊባል አይችልም። ሰው መኖሩን ያላወቀውን ነገር ሊፈልገው አይችልምና፤ በመደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ፥ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፥ ለማንና ለስንት ቀን እንደሚያውስ ያልተነገረው ተማሪ ደጃፉን እያለፈ ቢሄድ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም።

በቀድሞ ዘመን መንግሥት ለሕዝብ የሚነግረው ነገር ሲኖረው ነጋሪት አስጐስሞ በገበያ ያሳውጅ ነበር፤ የሰማም ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር። ዛሬ የዚህን ሥራ ብዙውን ክፍል የያዙት በእጅ ስልክ የሚነበቡት ፌስቡክ፥ ቴሌግራምና ቲክቶክ፥ እነዚህንም የመሳሰሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች ናቸው። ወጣቱ የሚሰበሰብበት ገበያ ይህ ከሆነ ቤተ መጻሕፍትም ድምፁን በዚያ ማሰማት እንደሚገባው የሚጠራጠር ያለ አይመስለንም። ነገሩ የሚያከራክረው ምን ይናገር በሚለው ላይ ነው።

በውጭ አገር የቤተ መጻሕፍት ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ለዓመቱ ወራት ሁሉ የሚሆን የመልእክት ዝርዝር አስቀድመው እያዘጋጁ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያካፍላሉ። በዝርዝሩ ውስጥ የሳምንቱ መጽሐፍ፥ የእንቆቅልሽ ጥያቄ፥ ሠራተኛው የወደደው መጽሐፍ፥ አዲስ የገቡ መጻሕፍት ሥዕል፥ የበዓላት መልካም ምኞት ይገኛል። ይህ ዝግጅት የሚናቅ አይደለም። መጽሐፍ መመዝገቡ፥ ማዋሱ፥ የዘገየውን ማስመለሱና አዳራሹን መጠበቁ ሁሉ በአንድ ሠራተኛ ትከሻ ላይ በሚወድቅበት ቦታ፥ ዛሬ ምን ልጻፍ እያሉ ከማሰብ የሚያድን ነገር ትልቅ እርዳታ ነው።

ነገር ግን ተዘጋጅቶ የመጣው ዝርዝር የተሠፋው ለሌላ ሰው ቁመት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ወራት የበጋ ንባብ እያሉ ልጆችን ይጋብዛሉ። በእነዚሁ ወራት በጉና ተራራ ዙሪያ ጉሙ መንደሩን ይሸፍናል፥ ዝናሙ መንገዱን ያበላሻል፥ የገበሬውም ልጅ በእርሻና በከብት ጥበቃ ወላጆቹን ይረዳል። ይህን ሳያስተውል የበጋ ንባብ ብሎ በፀሐይ ላይ የተቀመጠ የውጭ አገር ልጅ ሥዕል የሚለጥፍ የደብረ ታቦር ቤተ መጻሕፍት ቢኖር፥ አንባቢው ጥሪው ለእርሱ እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደጋገም የሚያስከትለው ጉዳት ከዝምታ ይከፋል፤ ሕዝቡ የቤተ መጻሕፍቱን ድምፅ ሳያነብ ማለፍን ይለምዳልና።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። የመልእክቱን ዐይነት ከሌላ መዋስ ይቻላል፤ የመልእክቱ ፍሬ ግን ከገዛ መደርደሪያችንና ከገዛ ዘመን አቈጣጠራችን መውጣት አለበት። እያንዳንዱም ማስታወቂያ ሦስት ነገር ይያዝ፤ ይኸውም የመጽሐፉን ስም፥ መጽሐፉ የሚገኝበትን መደርደሪያ፥ ቤቱም የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት። እነዚህን ያልያዘ ማስታወቂያ ለዐይን ደስ ቢያሰኝ እንኳ አንባቢን ከቤቱ አስነሥቶ አያመጣም።

የደቡብ ጎንደር አገር ለዚህ የሚሆን ነገር አይጐድለውም። ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች፤ በአቅራቢያዋም ባለው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠርቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ የሞቱበት ሚያዝያ 6 ቀን ሲደርስ የጳውሎስ ኞኞን «አጤ ቴዎድሮስ»፥ የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፥ የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» በአንድ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፥ ሦስቱ ጸሐፊዎች ስለ አንድ ንጉሥ የጻፉትን አስተያይታችሁ እንድታነቡ መጽሐፎቹ በዚህ ቦታ ይጠብቋችኋል ብሎ ማስታወቅ ማንን ይከብዳል? በዘጠነኛው ቀን፥ ማለት ሚያዝያ 15 ቀን፥ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1995 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወሰነው የዓለም የመጽሐፍ ቀን ይውላል። እንዲህ ሲሆን የዓለሙ በዓልና የአገሩ ታሪክ በአንድ ሳምንት ተኩል ውስጥ ይገናኛሉ።

የቀሩትም ወራት እንደዚሁ ናቸው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ለየክፍሉ የሚረዱት መጻሕፍት ስም ይነገራል፤ በየካቲት የዓድዋ ድል ሲታሰብ የታሪክ መጻሕፍት ይወጣሉ፤ በነሐሴ 13 ቀን የከተማይቱ ስም የተነሣበት የደብረ ታቦር በዓል ሲከበርና ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ የልጆች ተረትና የባህል መጻሕፍት ይታያሉ። ከሁሉም ይልቅ ከፈተና በፊት ያሉት ወራት ትጋት ይፈልጋሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም እንዲህ ያለውን ውጤት ያየ አገር የፊዚክስና የሒሳብ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ሳይነበብ ሲያረጅ ዝም ብሎ ሊመለከት አይገባውም። በየሳምንቱ አንድ የፈተና ጥያቄ ጽፎ፥ መልሱን በዚህ መጽሐፍ በዚህ ገጽ ታገኙታላችሁ ማለት ከመቶ የመልካም ምኞት ሥዕል ይበልጣል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም መምህራኑንና ተማሪዎቹን ለዚህ ቢያግዝ ለትናንሾቹ ቤተ መጻሕፍት ብርቱ ደጋፊ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ካህናትንና የአብነት መምህራንን የሚመለከተውን እናንሣ። ይህ አገር የቤተልሔም የድጓ፥ የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት፥ የደብረ ታቦርም የተክሌ አቋቋም ትምህርት የሚገኝበት ነው። አንድ መምህር በፈቃዱ የአንድን ቃል ትርጓሜ ወይም የአንድን ሥርዓት ምክንያት በጥቂት ደቂቃ ቢናገርና ድምፁ ተቀድቶ በቤተ መጻሕፍቱ ቴሌግራም ቢወጣ፥ ከዚያም ስለዚሁ ነገር የታተመው መጽሐፍ ቢጠቀስ፥ የከተማው ተማሪ አጠገቡ ያለውን ሊቅ ያውቃል፤ የአብነቱም ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱን ደጃፍ ይለምዳል።

ስለ ብራና መጻሕፍት ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያኖሯቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው፥ 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እንዳሉ የታወቀ ነው። በ2010 ዓ.ም. ይኸው ቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ ብራናዎች ዐውደ ርእይ ከፍቶ ለሕዝብ አሳይቷል። የዚህን ታሪክ መጽሐፍ ማስነበብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ይመልከተው ተብሎ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ያለውን ብራና ፎቶግራፍ ማንሣትና ከነቦታው ስም መለጠፍ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው። በጦር የተወሰደውን እያዘንን የቀረውን በገዛ እጃችን ማጋለጥ አይገባንም። ስለዚህ ያለ ደብሩ አስተዳዳሪና ያለ ሀገረ ስብከቱ ፈቃድ የብራና ሥዕል አይውጣ፤ ሲፈቀድም የተቀመጠበት ቦታ አይነገር።

እንደዚሁም ሌሎች ሁለት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛው የደራሲ መብት ነው። የታተመውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ አንሥቶ በቴሌግራም መበተን እንደ በጎ አድራጎት የሚቈጥሩ አሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀውን የጸሐፊውን መብት ከመንካቱም በላይ ደራሲው ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳይጽፍ ያደርገዋል። ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፉን ልባስና ጥቂት የመግለጫ ቃል አሳይቶ አንባቢውን ወደ ደጃፉ ይጥራ እንጂ መጽሐፉን አይበትን። ሁለተኛው የልጆች ክብር ነው። በንባብ አዳራሽ የተቀመጠ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለ ወላጁ ፈቃድ ለዓለም ሁሉ ሊታይ አይገባም።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ግን የሥራ ኃላፊዎች ሥራውን እንደ ሥራ ሲቈጥሩት ነው። በብዙ ቦታ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ የሚከፈተው በአንድ ትጉህ ወጣት ፈቃድና በገዛ ስልኩ ነው፤ ወጣቱ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄድና ገጹ እንደ ተተወ ቤት ይቀራል። ስለዚህ ገጹ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉ በኃላፊው ዘንድ በምስጢር ይቀመጥ፤ ለሠራተኛውም በሳምንት የተወሰነ ሰዓትና የኢንተርኔት ክፍያ ይመደብለት። በየቀኑ እንዲለጥፍ አይገደድ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እውነተኛና የሚጠቅም ነገር መናገር ይበቃል።

የሥራውም መመዘኛ ስንት ሰው ወደደው የሚለው አይሁን። በመዋሻው መዝገብ ላይ አንድ ዐምድ ጨምሮ አንባቢውን ስለዚህ መጽሐፍ ከወዴት ሰማህ ብሎ ጠይቆ መጻፍ ይቻላል። ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡ የትኛው ጥሪ ሰው እንዳመጣ የትኛውም በከንቱ እንደ ቀረ ይናገራል። አንድ ሺህ ሰው አይቶት አንድ መጽሐፍ ያላስወጣ ማስታወቂያ፥ አርባ ሰው አይቶት አሥር መጽሐፍ ካስወጣው ያንሳል።

በመጨረሻም ስልክ የሌለው አንባቢ አይረሳ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ድምፁን በስልክ ላይ ብቻ የመሠረተ መሥሪያ ቤት ሁሉ ድዳ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በቴሌግራም የሚወጣው ቃል በወረቀት ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፥ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፥ በገበያም ቀን ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይለጠፍ። ይህ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ወረቀትና ጥቂት ትጋት ነው።

የውጭ አገር ሰዎች ያዘጋጁት ዝርዝር እንደ እርሾ ይጠቅመን፤ ዱቄቱ ግን የገዛ አገራችን ይሁን። የዞኑና የወረዳው የትምህርትና የባህል ኃላፊዎች የሚመጣው ዓመት ከመግባቱ በፊት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን፥ መምህራንንና ካህናትን በአንድ ጠረጴዛ ሰብስበው የአሥራ ሦስቱን ወር ጥሪ በጋራ ቢጽፉ፥ መጽሐፉ አንባቢውን፥ አንባቢውም መጽሐፉን ያገኛል። ይህን የሰማ ኃላፊ ላልሰማው ባልደረባው ያሰማ።