መሣሪያ መግዛት አንድ፤ መሣሪያ ማስማማት ሌላ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፤ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት የተነገረው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል መስሎ ስለሚታይ፣ ቀርበው ሲነኩት ግን ክብደቱ ስለሚገለጥ ሥራ ሁሉ ነው። ዛሬ ግን ምሳሌነቱን ትተን በቀጥታ ስለ ከበሮው ልንናገር አስበናል፤ ይኸውም ድራም ስለምንለው ስለ ዘመናዊው ከበሮ፣ ከእርሱም ጋር ስለሚቆሙት የነሐስ ሳሕኖች፣ በእነዚህም ሳሕኖች ላይ ስለሚገጠመው የኤሌክትሪክ ጆሮ ነው።

ሲምባል ስንል ካህናቱ በማሕሌት የሚይዙትን ጸናጽል ማለታችን አይደለም፤ መካከሉ ጉልላት ያለውን፣ በዘንግ ላይ ተቀምጦ በመምቻ የሚመታውን ሰፊ ሳሕን ማለታችን ነው። ፒክአፕ የሚባለውም ከሳሕኑ ላይ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ የምቱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ሞጁል ወደሚባለው ሣጥን ይልካል። ሞጁሉም ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ወይም በድምፅ ማጉያ ያሰማል።

ስለዚህ መሣሪያ በወጣቶቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ነሐስ ካልጮኸ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ይንቀዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ውዱን ከገዛን ሁሉም ይሳካል» ብሎ ያመልከዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል። መሣሪያው የሚናቅም የሚመለክም አይደለም፤ የሚስማማ ነው። ክራርን ሳይቃኝ የሚመታ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ የኤሌክትሪኩንም ሲምባል ሳያስማማ የሚመታ ሰው ሊኖር አይገባም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በዓለም የታወቀው የዝልጅያን ሲምባል ቤት የተመሠረተው በቁስጥንጥንያ በ1623 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መሥራቹ አቬዲስ የተባለ አርመናዊ ሲሆን፣ የቤተ ሰቡም ስም «ሲምባል ሠሪ» ከሚለው የቱርክ ቃል የወጣ ነው። የሚሠሩበት ነሐስ ከመቶው 80 እጅ ያህል መዳብ፣ 20 እጅ ያህል ቆርቆሮ ነው። ቤቱ በ1929 ዓ.ም. ሥራውን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ማሳቹሴትስ አሻግሯል።

አርመናውያንና ሙዚቃ ሲነሡ የእኛም አገር ታሪክ አብሮ ይነሣል። በ1924 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አብሮ መጥቷል። ይህን ያነሣነው ታሪክ ለማስረዘም አይደለም። የአርባ ልጆች ባንድ ስሙ እስከ ዛሬ የቆየው መለከቱ ስላንጸባረቀ ሳይሆን፣ ከመለከቱ ጋር የሚያስተምር ሰው ስለ ነበረ ነው። መሣሪያ ያለ መምህር የመጣ እንደ ሆነ ግን ዕጣው መጋዘን ነው።

ኤሌክትሪኩስ ከየት መጣ? በ1880 ዓ.ም. ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማች ሊቃውንት በፓሪስ፣ አንዳንድ የድንጋይ ብልጭልጮች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ አረጋገጡ። ፒየዞ የሚባለው ስስ ሳንቲም መሳይ ፒክአፕ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በ1981 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሲመንስ ባለ ስድስት ማዕዘን የኤሌክትሪክ ድራም አወጣ። በ1983 ዓ.ም. ሚዲ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ ቋንቋ ወጣ፤ በእርሱም የምት ኃይል ከ1 እስከ 127 ባለው ቍጥር ይነገራል። በ1997 ዓ.ም. የጃፓኑ ሮላንድ ቪ-ድራምስ የተባለውን በመረብ ቆዳ የተሠራ ድራም ለገበያ አቀረበ።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ግን ሲምባሉ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከበሮ ሲመታ ድምፁ አጭር ነው፤ ጮኾ ያበቃል። ሲምባል ግን ከተመታ በኋላ ብዙ ሰኮንድ ይንቀጠቀጣል። ጉልላቱ ሲመታ እንደ ደወል፣ ገጹ ሲመታ እንደ ጠብታ፣ ጠርዙ ሲመታ እንደ ማዕበል ይሰማል፤ በጣት ሲጨብጡትም ወዲያው ዝም ይላል። ይህን ሁሉ ጠባይ ለአንዲት ሳንቲም መሳይ ጆሮ ማስረዳት ቀላል ሥራ አልነበረም።

ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ጎማ በለበሰ ሳሕን ላይ የሚገጠመው ነው። በዚህ መንገድ ፒክአፑ የሚናገረው «ተመታሁ፤ ኃይሉም ይህን ያህል ነው» ብቻ ሲሆን፣ የምንሰማው ድምፅ በሞጁሉ ውስጥ የተቀመጠ ነው። በጠርዙ ውስጥ የተሸሸገ ስስ ማብሪያ ደግሞ የጠርዙን ምትና የጣትን ጭብጥ ይለያል። ሁለተኛው መንገድ ዝልጅያን ጄን ሲክስቲን ብሎ በሰየመው ሥራ የታየው ነው፤ ይኸውም እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ እውነተኛ ብረት ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ማስጠጋት ነው። በዚህ ጊዜ የምንሰማው የሳሕኑን የራሱን ድምፅ ነው፤ ሞጁሉ የሚያደርገው ማሳመር ብቻ ነው። በተራው ነሐስ ላይ ፒየዞ ለጥፎ እንደ መጀመሪያው መንገድ ሊጠቀም የሚያስብ ሰው ግን ይወቅ፤ ነሐሱ መንቀጥቀጡን ስለማያቆም አንዱ ምት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ ሳሕኑን በስፖንጅ ወይም በጎማ ማፈን ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ማስማማቱ እንግባ። የመጀመሪያው ሕግ በእጅ የሚቃናውን በኤሌክትሪክ ለማቃናት አለመሞከር ነው። ሳሕኑ በዘንጉ ላይ እንደ ልብ ይወዛወዝ፤ ነገር ግን አይዙር። የሚዞር ከሆነ ጠርዙን የሚሰማው ወገን ከመቺው ፊት ይሸሻል፤ ገመዱም ይጠመዘዛል። ለዚህ የተሠራ ማገጃ ጎማ አለና ትንሽ ነው ተብሎ አይጣል። ብሎኑም ከመጠን በላይ አይጥበቅ። ቀጥሎ ኬብሉን እንመልከት። ጠርዝን የሚለይ ሲምባል በጫፉ ላይ ሁለት ቀለበት ያለው፣ ማለት ሦስት መገናኛ ያለው ኬብል ይፈልጋል። ባለ አንድ ቀለበቱን የሰካ ሰው ጠርዙ ዝም ሲለው «ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል፤ የጐደለው ግን አንድ መገናኛ ነው። ጉልላቱን ለብቻ የሚለዩት አንዳንዶቹ ደግሞ ሁለት ኬብል ይጠይቃሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሞጁሉ ይኬዳል። በመጀመሪያ የሲምባሉን ዓይነት ከዝርዝሩ መምረጥ ነው። ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ነው። በጨዋታ ጊዜ ከምንመታው ሁሉ ብርቱ የሆነውን ምት እየመታን፣ መለኪያው 127ን ለጥቂት እስኪነካ ድረስ እናስተካክላለን። ከዚያ በላይ ከፍ ካደረግነው መካከለኛውም ብርቱውም ምት አንድ ይሆናል፤ ዝቅ ካደረግነውም ክንዳችን እስኪዝል ብንመታ ሳሕኑ አይጮኽም።

ሦስተኛው ትሬሾልድ ነው፤ በአማርኛ ደፍ ብንለው ይስማማዋል። ከደፉ በታች የሆነ ምት ወደ ቤት አይገባም። ይህን ከዜሮ መጀመርና የውሸት ድምፅ እስኪቆም ብቻ ጥቂት በጥቂት ከፍ ማድረግ ነው፤ ከዚያ አንዲት ነጥብ እንኳ አይታለፍ። አራተኛው ክሮስቶክ ነው፤ ጎረቤት ከበሮ ሲመታ ሲምባሉ ሳይነካ የሚጮኽበት ችግር ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የብረት ቋሚውን ማያያዣዎች ማጥበቅና ሲምባሉን ከከበሮው ማራቅ፣ ካልሆነ ብቻ የሞጁሉን ቍጥር መንካት ይገባል።

አምስተኛው ማስክ ታይም ነው፤ ከአንድ ምት በኋላ ፒክአፑ ጆሮውን የሚደፍንበት ጊዜ ነው። ቢያጥር አንዱ ምት ሁለት ይሆናል፤ ቢረዝም ፈጣን ምት ይዋጣል። እዚህ ላይ ሒሳብ ይረዳናል። በደቂቃ 120 በሚሆን ፍጥነት አንዱን ምት በአራት ከፍለን ብንመታ በሰኮንድ 8 ምት ይሆናል፤ በሁለቱ ምት መካከል 125 ሚሊሰኮንድ አለ ማለት ነው። በስምንት ብንከፍለው 62 ሚሊሰኮንድ ተኩል ይቀራል። እንግዲህ ማስክ ታይሙን 80 ላይ ያስቀመጠ ሰው ፈጣኑን ምት ራሱ ውጦታል። «እጄ አልፈጠነም» ብሎ ቢያዝን ግን እጁ በከንቱ ተከሰሰ።

በመጨረሻም በእግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ሃይሃት ይቀራል። እርሱንም ሙሉ በሙሉ ከፍቶና ዘግቶ ለሞጁሉ ማሳየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በግማሽ የተከፈተውን ሁሉ እንደ ተዘጋ ይቈጥረዋል።

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ስለ ምን ነው? አንባቢያችን ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር ስላለ ነው። በተሳሳተ መሣሪያ የሚለማመድ ተማሪ የሚያገኘው ጉዳት የድምፅ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ የእጅ መበላሸት ነው። እጅ የሚማረው ከሚሰማው ነው። ደፉ ከፍ ብሎ ለስላሳው ምት ሁሉ ሲጠፋበት፣ ተማሪው እንዲሰማለት ሲል ጠንክሮ መምታትን ይለምዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ እውነተኛው ነሐስ ፊት ሲቀርብ ማንኳኳት እንጂ መዳሰስ የማያውቅ መቺ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ «ማሽን አበላሸው» ይባላል። ያበላሸው ግን ማሽኑ ሳይሆን ሳይስማማ የተሰጠው መሆኑ ነው።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛም ከዚህ ደፍ አንድ ትምህርት ቢወስድ አይጎዳውም። ሁካታ ሰልችቶት ደፉን ያለ ልክ ከፍ ያደረገ ሰው ጸጥታ ያገኘ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን የሚጮኽን ብቻ የሚሰማ ጆሮ ነው። በለሆሳስ የሚናገረው ባለጉዳይ ከደጅ ይቀራል፤ ሌሎቹም ለመሰማት ሲሉ ጩኸትን ይማራሉ።

የተቃዋሚዎቻችንን ቃልም በቅን መስማት ይገባናል። ነሐስ ለእጅ የሚሰጠው መልስ፣ በለስላሳ መምቻ ቀስ በቀስ ሲያብጥ የሚያሰማው ጕርምርምታ፣ በብሩሽ ሲዳበስ የሚሰጠው ሹክሹክታ፣ በጎማው ሳሕን ላይ እንዳለ አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. ሮላንድ ብዙ ፒክአፕ የያዘ ዲጂታል ሲምባል ማውጣቱ ራሱ፣ ነገሩ ገና በፍለጋ ላይ መሆኑን ያሳያል። መብራት ሲጠፋም ነሐሱ ይጮኻል፤ ሞጁሉ ዝም ይላል። ይህን አንክድም።

ነገር ግን በጋራ መኖሪያ ቤት፣ በአንድ ግድግዳ ማዶ ሕፃን የተኛበትን ጎረቤት ይዞ የሚኖር ወጣት ምን ያድርግ? ከሥራ ወጥቶ ማታ በሁለት ሰዓት ነሐስ ይምታን? መከልከሉ ቀላል ነው፤ ከልክሎ ግን «የሙዚቃ ባለሙያ ጠፋ» ማለት አያምርም። ጆሮም የማይተካ ሀብት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቅደው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ ለ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ድራም ደግሞ ከዚህ ማለፉ ብርቅ አይደለም። በኤሌክትሪኩ ድምፁን የሚወስነው ተማሪው ራሱ ነው። የጆሮ ማዳመጫውንም ያለ ልክ ከፍ ካደረገው ጥቅሙ ከንቱ መሆኑን ግን አይርሳ። እንዲሁም የእግሩ ፔዳል ወለሉን ስለሚደበድብ፣ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍና ጎማ ማንጠፍ የጉርብትና ወግ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችንን በአጭሩ እናቅርብ። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምት ከመማሩ በፊት ማስማማትን ይማር፤ የመረጣቸውንም ቍጥሮች በደብተር ይጻፍ። በጎማው ሳሕን ቢለማመድም በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ እውነተኛውን ነሐስ ይንካ። ለትምህርት ቤት፣ ለክበብ ወይም ለባንድ መሣሪያ እንዲገዛ የተሾመ ወጣት ደግሞ በግዢው ወረቀት ላይ ሳሕኑንና ሞጁሉን ብቻ አይጻፍ፤ ትክክለኛውን ኬብል፣ ማገጃውን ጎማ፣ መለዋወጫውን፣ የማስተማሪያውን ቀንና መሣሪያውን በኃላፊነት የሚረከበውን ሰው ጨምሮ ይጻፍ። እነዚህ ከዋጋው ትንሽ ክፍል ናቸው፤ ሲጐድሉ ግን ዋጋውን ሁሉ ይዘው ይሄዳሉ።

መሣሪያ ከባሕር ማዶ በገንዘብ ይመጣል፤ ማስማማት ግን በገንዘብ አይመጣም። በትዕግሥት ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ብቻ ይገኛል። ወጣቱም ይህን ጆሮ ለማግኘት የሚያውለው አንድ ምሽት፣ ሳያስማማ ከሚደበድብባቸው አንድ መቶ ምሽቶች ይበልጥበታል።